ሠርቶ ማሳየት

የትምህርት ዘመናቸው ሊያልቅ ጥቂት ወራት የቀራቸው ጓደኞቻችን በየመኝታ ቤቱ የሚያወሩት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ምደባና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ወሬው ተገቢ ነው፤ ሰው በባዶ ሆዱ አገር አያገለግልም። ነገር ግን ከነዚህ የማያንስ አንድ ጥያቄ ሲነሣ አንሰማም። ይኸውም፣ ነገ ሥራ ገብተን ሥራችንን ደኅና አድርገን ብንሠራ መሥራታችን በምን ይታወቃል? የሚለው ነው።

መልሱ ለብዙዎቻችን ቀላል ይመስላል። «ሥራው ራሱ ይናገራል» እንላለን። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ይህ መልስ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ነው። ሥራ አፍ የለውም፤ የሚናገርለት ምስክር ይፈልጋል። ምስክር ስንልም ጉራ ማለታችን አይደለም፤ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያየው፣ ሊቈጥረውና ሊመዝነው የሚችለውን ነገር ማለታችን ነው። ለዚህ አስተያየታችን ማስረጃ አድርገን የመረጥነው ወረታንና የፎገራን ሜዳ ነው። የሰው ሥራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የምድርን መልክ ሲለውጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አያገኝምና።

ወደ ሜዳው ከመውረዳችን በፊት ያደግንበትን ትምህርት እንመልከት። በቤታችን ስለ ራሱ የሚያወራ ልጅ «ጉረኛ» ተብሎ ይገሠጻል። ታላላቆች ባሉበት ዝም ማለት፣ ሲያመሰግኑን አንገት መድፋት፣ «ምን ሠራሁና» ብሎ መመለስ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ይህን ጠባይ አንነቅፈውም። ነገር ግን ያው ሕዝብ በሌላ ጊዜ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ይተርታል። ስለዚህ ወጣቱ በሁለት ምክር መካከል ቆሞ ይቀራል። አንዱ ዝም ብሎ ይሠራና ሳይታወቅ ያረጃል፤ ሌላው ሳይሠራ ያወራና ይሾማል። ዝምተኛው ለፍላፊውን ይንቀዋል፤ ለፍላፊውም በዝምተኛው ይሥቃል። ሁለቱም የጐደላቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ምስክር ነው።

አባቶቻችን ይህን ጉድለት አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። የፉከራን ሥርዓት እንውሰድ። ዛሬ ፉከራ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን «ዘራፍ» እያሉ መዝለል ብቻ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ግን ጦረኛው በግብር አዳራሽ በጌታው ፊት ግዳይ ሲጥል የሚፎክረው አብረውት የዘመቱ ሰዎች በተቀመጡበት ነበር። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል ከጐኑ የነበረው ጓደኛው ያውቅበታል። «የነበረ ይናገር፣ የቀበረ ያርዳ» የሚለው ተረትም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የመናገር መብት የሚገኘው በቦታው ከመገኘት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ የጋይንትን አገር ያገኛል። በዚያ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። የድጓ ተማሪ በሌላ ደብር ብዙ ዓመት ሲማር ቢቈይም፣ ቤተ ልሔም ሄዶ በምስክሩ መምህር ፊት ዕውቀቱን አሳይቶ ሲመሰከርለት ነው መምህርነቱ ሙሉ የሚሆነው። ማንም ይህን ተማሪ «ጉረኛ» አይለውም። የሄደው ራሱን ሊያወድስ ሳይሆን ሊመዘን ነውና። «ማስመስከር» የሚለው ቃል ራሱ ሥርዓቱን ይገልጸዋል፤ ሰውየው ስለ ራሱ አይመሰክርም፣ ሌላው እንዲመሰክርለት ራሱን ያቀርባል።

ምስክር ሳይኖር ሲቀር የሚሆነውን ለማየት ደግሞ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን እናስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። መድፉ ተራራና ገደል ተሻግሮ፣ በብዙ ሰው ጕልበት ተጐትቶ፣ ከ1860 ዓ.ም. ጦርነት በፊት መቅደላ ደርሷል። በሥራው ላይ የነበሩትን የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች ዛሬ በስም እናውቃቸዋለን። ከነርሱም አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በኋላ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። ከነርሱ ጋር ምድጃውን ያናፉት፣ ብረቱን ያቀለጡት፣ መንገዱን የጠረጉት ኢትዮጵያውያን ግን በአብዛኛው «ሠራተኞች» እየተባሉ በጅምላ ይነሣሉ እንጂ ስማቸው አይጠራም። ልዩነቱ በድካም መብለጥና ማነስ የመጣ አይደለም። እነዚያ ደብዳቤና መጽሐፍ ጻፉ፤ እነዚህ አልጻፉም፣ የጻፈላቸውም አልነበረም።

አሁን ወደ ፎገራ እንውረድ። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት ጠፍጣፋ ምድር ነው። የወረዳው ዋና ከተማ ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ የሚያልፍባት፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሞልተው ይወጣሉ፤ መሬቱም ውኃ ይተኛበታል። በዚህ ምክንያት ያ መሬት ለረጅም ዘመን በክረምት የከብት እንጂ የሰብል አገር አልነበረም። ገበሬው ውኃው ሲጐድል ጓያና ሽምብራ የመሳሰለውን በቀረው እርጥበት ይዘራ ነበር። ሜዳው የታወቀውም በወተት በምትመሰገነው በፎገራ ላም ነበር።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሩዝ ሙከራ ተጀመረ። በ1980ዎቹም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው፣ በደራ በኩል በጅግና፣ በፎገራ በኩል ደግሞ በሻጋ ከነበሩት የገበሬ ማኅበራት ጋር ሩዝ የማልማት ሥራ ሠሩ። ከዚያ የወጣው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ በቦታው ስም ተጠራ። ውኃ የተኛበት መሬት ለጤፍ የማይመች ቢሆንም ለሩዝ የተመቸ ሆነ። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች የሚሠሩባት የንግድ ከተማ ሆናለች። ሩዙ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ጠላም ይጠመቅበታል፤ ገለባው ለከብት ይሆናል። አንዳንዱ ገበሬ ሩዙን ከሰበሰበ በኋላ በዚያው መሬት ላይ ጓያ ይዘራል፤ መስኖ ያገኘውም ሽንኩርት ያለማል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚችው በወረታ ተቋቁሟል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ለውጥ እንዴት እንደ ተስፋፋ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገበሬ በስብሰባ የተነገረውን ሁሉ አምኖ መሬቱን አሳልፎ አይሰጥም። አንድ ዓመት ቢሳሳት የቤተሰቡ ቀለብ ነው የሚጠፋው። ያመነው የጐረቤቱን ማሳ አይቶ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ሌላው መሬት ጦም አድሮ ሳለ የጐረቤቱ ማሳ ዘለላ ተሸክሞ ሲያይ፣ «እስቲ ለእኔም ለዘር የምትሆን ስጠኝ» አለ። ኤክስ ጅግና ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተላለፈ ሜዳውን የሸፈነው በዚህ ዓይነት ነው።

በግብርና ሠራተኞች ዘንድ ለዚህ ነገር የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ «ሠርቶ ማሳያ» ይሉታል። በሠርቶ ማሳያ መሬት ላይ አዲሱ ዝርያ ከነባሩ አጠገብ ይዘራል፤ መሬቱ አንድ ዓይነት፣ ዝናቡም አንድ ዓይነት ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያወዳድራል። እኛ ይህን ቃል ለጽሑፋችን አርእስት የመረጥነው በዝምተኛውና በለፍላፊው መካከል ያለውን ክርክር የሚፈርድ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ቃሉ ሁለት ግሦች አሉት። የመጀመሪያው «ሠርቶ» ነው፤ ሳይሠሩ ማሳየት የለም። ሁለተኛው «ማሳያ» ነው፤ ሠርቶ መደበቅም ሥራውን አያስፋፋውም። ኤክስ ጅግና በአጥር ውስጥ ተሸሽጎ ቢበቅል ኖሮ የአንድ ሰው ጓሮ አትክልት ሆኖ ይቀር ነበር።

ተመራማሪዎችም አዲስ የሰብል ዝርያ ሲያወጡ የሚከተሉት መንገድ ከቤተ ልሔሙ ማስመስከር የራቀ አይደለም። ዝርያው በልዩ ልዩ ቦታ ይሞከራል፤ በመጨረሻም በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ ላይ ከነባሩ ዝርያ ጐን ይዘራና ገምጋሚ ኮሚቴ ሄዶ በዓይኑ ያያል። ሲጸድቅ የወጣበት ዓመትና ያወጣው መሥሪያ ቤት በዝርያ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከዚህ በኋላ ማንም ተነሥቶ «የኔ ነው» ሊል አይችልም። ጉማራ፣ ሻጋ፣ ፎገራ 1 የተባሉት የሩዝ ዝርያዎች ስማቸውን ከወንዙ፣ ከቀበሌውና ከሜዳው ወስደዋል። ይህም ያስመሰግናል፤ ሥራው የብዙ ሰው ነውና የአገሩን ስም መያዙ የተገባ ነው። ነገር ግን ስሙ የቦታ ስለ ሆነ የሠሪዎቹ ነገር በመዝገብና በጽሑፍ ካልተያዘ ሌላ የሚያዝበት ቦታ የለውም።

«ጽሑፍ ቢኖርስ ማን ያነበዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ እንጠቅሳለን። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሐርዝያ በሽታ መተላለፊያ ስለ ሆነ፣ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ በምርምር አሳዩ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ግን በአፍሪካ ምድር የተሠራውን ይህን ምርምር ለመቀበል ብዙ ዓመት አመነቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በመካከሉ 25 ዓመት አልፏል። ሥራው ያን ያህል ዘመን ተንቆ ሳይጠፋ የቈየው ቀኑ፣ ቦታው፣ አሠራሩና ውጤቱ ተጽፎ ስለ ነበረ ነው። የሥራ ባልደረባ ስም አብሮ መጠራቱም ሥራውን ከፍ አደረገው እንጂ አላሳነሰውም።

አሁን ደግሞ ነገ የሚጠብቀንን ጽሕፈት ቤት እንመልከት። በቀበሌ የተመደበ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሪፖርቱን ወደ ወረዳው ወረታ ይልካል፤ ከወረዳ ወደ ዞኑ ደብረ ታቦር፣ ከዞን ወደ ክልሉ ባሕር ዳር ይሄዳል። በየደረጃው ቍጥር ከቍጥር ጋር ይደመራል፤ ስም ግን አይደመርም። ባሕር ዳር ሲደርስ «ይህን ያህል ሔክታር በሩዝ ተሸፈነ» የሚል አንድ መስመር ይሆናል። ይህ ተንኰል አይደለም፤ የድምር ጠባይ ነው። ስለዚህ በቀበሌው ያለው ሰው ከድምሩ ሥር ያለውን ዝርዝር እርሱ ራሱ ካልያዘው ሌላ የሚይዝለት የለም። በመምህርነት፣ በመዝገብ ቤት፣ በባንክ ወይም በግል ኩባንያ ለምንሠራውም ነገሩ ያው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከላይ ካየነው ተነሥተን ስድስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መነሻውን መጻፍ። የሠርቶ ማሳያው ኃይል ነባሩ ዝርያ ከጐኑ መኖሩ ነው። ሥራ የገባን ዕለት ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ ካልጻፍን፣ ከዓመት በኋላ ያመጣነውን ለውጥ የምናወዳድርበት የለንም። እንበል፣ አንድ ሰው የወረዳ መዝገብ ቤት ኀላፊ ሆኖ ተመደበ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፋይል ተፈልጎ እስኪገኝ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በደብተሩ ቢጽፍ፣ ፋይሎቹን ካስተካከለ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደሚገኝ ለማሳየት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። መነሻውን ካልጻፈ ግን ሰዎች «ድሮም እንዲሁ ነበር» ይሉታል። ሰው መልካም ነገርን በቶሎ ይለምዳልና።

ሁለተኛ፣ ድካምን ሳይሆን ውጤትን መጻፍ። «ለ40 ገበሬዎች ሥልጠና ተሰጠ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚነግረን ሰዎች አንድ ቀን በአዳራሽ መቀመጣቸውን ብቻ ነው። ከነዚያ 40 ሰዎች ስንቱ ወደ ማሳው ሄዶ የተማረውን ሠራበት? የሠራበትና ያልሠራበት ማሳ ሲመዘን ልዩነቱ ምን ያህል ሆነ? ይህን የያዘ ሪፖርት ይታመናል። መምህርም ቢሆን «የትምህርቱን ክፍለ ጊዜ ሁሉ ሸፍኛለሁ» ከሚል ይልቅ፣ በመስከረም አንቀጽ ማንበብ ያቃታቸው ልጆች ስንት እንደ ነበሩና በሰኔ ስንቱ እንዳነበቡ ቢያሳይ ሥራው ራሱን ይገልጻል።

ሦስተኛ፣ በጊዜው መጻፍ። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ አፈጻጸም ምዘና በየስድስት ወሩ ይሞላል። ሰው በስድስተኛው ወር መጨረሻ ተቀምጦ ያለፈውን ሁሉ ላስታውስ ቢል የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ነው፤ አለቃውም እንዲሁ። በየዓርቡ ሩብ ሰዓት ወስዶ «በዚህ ሳምንት ምን ተጠናቀቀ? ለማን ጠቀመ? ማስረጃው የት ተቀመጠ?» ብሎ በደብተር የሚጽፍ ሰው በምዘናው ቀን አይደናገርም፤ በሚዛኑም ቅር ከተሰኘ አቤቱታውን በማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃ የሌለው አቤቱታ ለቅሶ ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፣ የሥራ ባልደረባን ስም መጥራት። ብቻውን ሠራሁ የሚል ሰው ምስክሮቹን በገዛ አፉ ያባርራል። «ይህን የሠራነው ከእገሌና ከእገሊት ጋር ነው፤ የእኔ ድርሻ ይህ ነበር» የሚል ግን ሁለት ምስክር አተረፈ። እዚህ ላይ ስለ እኅቶቻችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በብዙ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዢ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ አስተናጋጅ ሆነው የሚመደቡት እነርሱ ናቸው፤ ይህም ሥራ ሳይቈጠር ይቀራል። በገጠርም የሥልጠናው መዝገብ የአባወራውን ስም ብቻ ሲይዝ፣ ሩዙን አርማ፣ አስጥታ፣ አበጥራ ለገበያ ያደረሰችው ሚስት ከወረቀቱ ውጭ ትሆናለች። በወረቀት ያልተገኘ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ሥልጠና አይጠራም፤ ለብድርም አይታሰብም። የማይታይ ሥራ የሚያስከትለው ጉዳት የክብር ማጣት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አምስተኛ፣ ያልተሳካውንና የተከፈለውን ዋጋም ማሳየት። የፎገራ ሜዳ እዚህም አስተማሪ ነው። የሩዙ ኩንታል በየዓመቱ ይቈጠራል። ነገር ግን ሩዝ በሄደበት ሁሉ የግጦሽ መሬት እየጠበበ መጥቷል። የፎገራ ላምም በዚህና ከሌላ ዝርያ ጋር በመዳቀል ምክንያት ቍጥሯ አሳሳቢ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሕር ዳር አጠገብ አንዳሳ ላይ የከብት ጣቢያ የተቋቋመው ይችን ዝርያ ለማጥናትና ለማሻሻል ነበር። ኩንታሉን ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ጥቅሙንም ጉዳቱንም የሚያሳይ ሠራተኛ ግን ለጊዜው ባይሸለምም፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲናገር ይታመናል።

ስድስተኛ፣ ለተተኪው መተው። የመንግሥት ሠራተኛ ይዛወራል። ሦስት ዓመት የደከመ ሰው ሲዛወር ዕውቀቱን በጭንቅላቱ ይዞ ከሄደ፣ ተተኪው ሀ ብሎ ይጀምራል፤ ገበሬውም ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ይጠየቃል። ርክክብ ሲደረግ ወንበርና ጠረጴዛ ተቈጥሮ ይፈረማል። የትኛው ማሳ እንደ ተሞከረ፣ ምን እንደ ሠራና ምን እንዳልሠራ የሚገልጽ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ቢጨመርበት ከወንበሩ ሁሉ ይበልጣል። ሥራችንን የማሳየት ትልቁ ጥቅም ለእኛ ለራሳችን ነው ብለው ለሚያስቡ ይህ መልስ ይሆናቸዋል፤ ትልቁ ጥቅም ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ለሐሰተኛ ሪፖርት በር ይከፍታል» የሚል ነው። በርግጥ በወረቀት ላይ ብቻ የሚበቅል ሰብል፣ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቈፈር እርከን በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ነገር ግን ሐሰተኛውን ሪፖርት የሚያሸንፈው ዝምታ አይደለም። እውነተኛው ሠራተኛ ዝም ባለ መጠን ሜዳው ለሐሰተኛው ይለቀቃል። ሐሰተኛውን የሚያሸንፈው፣ ቀበሌውንና ማሳውን ጠቅሶ «ሂዱና እዩ» የሚል ሪፖርት ነው። ሐሰተኛው የሚፈራው ቃል «ሂዱና እዩ» የሚለውን ነውና። እኛም የምናቀርበውን ሁሉ በዚህ መፈተን እንችላለን። «ሂዱና እዩ» ብለን ልንጨርሰው የማንደፍረው ዐረፍተ ነገር ካለ ይሰረዝ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የሠራተኛውን ሥራ ማየት የአለቃ ግዴታ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይህን ግዴታ ከአለቆች ላይ ልናወርድላቸው አንፈልግም። ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ ማሳ የማያይ፣ ክፍል ገብቶ ትምህርት የማያዳምጥ፣ ሚዛኑን በዝምድናና በወዳጅነት የሚሞላ አለቃ የሠራተኛውን እንጀራ ብቻ ሳይሆን የሕዝቡን አደራ ይበላል። ከመካከላችንም አለቃ የሚሆኑ አሉና ይህን ከአሁኑ ልብ ይበሉት። ነገር ግን ደኅና አለቃም ቢሆን 30 ሰው በሥሩ ካለው የሁሉን ሥራ በየቀኑ ሊያይ አይችልም። ሠራተኛው በአጭሩና በማስረጃ ሲነግረው ሸክሙን ያቀልለታል። ንፉግ አለቃ ሲያጋጥም ደግሞ፣ ያን ሁሉ የሚያውቁ የሥራ ባልደረቦች፣ ተገልጋዮችና የተጻፈ ደብተር መኖራቸው ለሠራተኛው ጥላ ይሆኑታል።

ለመጀመር ምደባ መጠበቅ አያስፈልገንም። በዚሁ በዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ኅብረት ኮሚቴዎችና ክበቦች በየዓመቱ ይመረጣሉ፤ ይደክማሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅም ይበተናሉ። አዲሱ ኮሚቴ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚረከበው ማኅተምና የቁልፍ መያዣ ነው። ያለፈው ኮሚቴ ስለ ምግብ ቤቱ ለማን እንደ ጻፈ፣ ምን መልስ እንዳገኘ፣ የትኛው ጥያቄ በምን ምክንያት እንደ ወደቀ የሚያስረዳ ወረቀት አያገኝም። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጽፋል፤ ያንኑ መልስም ይቀበላል። የዘንድሮዎቹ ኮሚቴዎችና ክበቦች ከመበተናቸው በፊት እያንዳንዳቸው ሁለት ገጽ ጽፈው ለተተኪዎቻቸው ቢተዉ፣ የዚህ መጽሔት ገጾችም ለዚህ ቢከፈቱ፣ ከመካከላችን ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ የሚሄዱት ልማዱን ይዘውት ይሄዳሉ።